የስኪ ልብስ ከሰልባጅ ተራ፦ ለስሜን ተራሮች ብርድ የሚሆነውና የማይሆነው

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ ሰልባጅ ተራ ላይ ክምሩን ገፋ ገፋ ላደረገ ሰው የስኪ (በረዶ ላይ የመንሸራተት ስፖርት) ልብስ አይጠፋም። ቀለሙ ያስታውቃል፤ ብርቱካናማ ወይ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ በረዶ ላይ ከሩቅ እንዲታይ። ግራ እጅጌው ላይ ለምን እንደተሰፋች የማትገባ ትንሽ ኪስ አለችው። ከውስጥ በኩል ደግሞ ወገቡን ላስቲክ ያለው ሌላ ጨርቅ ዞሮታል። ሻጩ ትከሻውን መታ መታ ያደርግና «ክብደቱን እየው እስቲ ወንድሜ! ይሄን ለብሰህ ዳሽን አናት ላይ ተኛ!» ይላል። ስለ ክብደቱ አልዋሸም። ችግሩም ክብደቱ ነው።

ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ከዚያ ክምር ውስጥ ለገንዘቡ የሚገባው አንደኛ ሱሪው፣ ሁለተኛ ሙሌት የሌለው ስሱ ጃኬት፣ ሦስተኛ ካልሲው ነው። ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚያነሳው ወፍራሙ ጃኬት የሚሆነው ለመንገድ ሳይሆን ማታ ለድንኳን ደጃፍ ነው። ጓንቱ እንደ ዕድል ነው። የፕላስቲኩን የስኪ ቦት ግን በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት።

ምክንያቱ ልብሱ ለማን እንደተሰፋ ሲታሰብ ይገባል። አልፕስ ላይ ስኪ የሚጫወት ሰው ወደ ላይ የሚወጣው በገመድ በሚሄድ ወንበር ተቀምጦ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ንፋስ እየገረፈው፣ ሳይንቀሳቀስ ደቂቃዎች ይቆያል፤ ከዚያ ተንሸራቶ ይወርዳል። ወፍራሙ ጃኬት የተሰፋው ለዚያ ወንበር ነው። ስሜን ግን የሚወጣው በእግር ነው። ከጨነቅ ካምፕ ተነስቶ የቧሂትን ተራራ የሚወጣ ሰው ከ3,600 ሜትር ግድም ወደ 4,430 ሜትር ሽቅብ ይሄዳል፤ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጀርባው ይረጥባል። ላቡ መውጫ አጥቶ ሙሌቱ ውስጥ ይቀራል። አናቱ ላይ ደርሶ ፎቶ ለመነሳት ሲቆም ያ እርጥበት ወደ ብርድ ይለወጣል፤ ውሃ የሰውነትን ሙቀት የሚወስደው ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነውና። ተራራ ላይ ልብስ አንሶት ብቻ ሳይሆን ልብስ በዝቶበትም ሰው ይበርደዋል።

ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ ነው። በዚያ ዓይነቱ ስኪ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም የሚሄዱት በራስ ጉልበት ስለሆነ ተወዳዳሪዎቹ በረዶ መሀል ሆነው ገላ ላይ ልጥፍ የሚል ስስ ልብስ ይለብሳሉ። የስሜን ተጓዥ አለባበስ መማር ያለበት ከእነሱ ነው፣ በወንበር ከሚወጣው አይደለም።

የብርዱን ልክ በቁጥር እንየው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ጎንደር 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ 15 ዲግሪ ይደርሳል። ፒያሳ ላይ ጠዋት ሹራብ የሚያስለብስ 12 ዲግሪ ካለ፣ እዚያ አናት ላይ ከዜሮ በታች ነው፤ ያውም ንፋሱ ሳይቆጠር። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል፣ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ አንገት ይጠብሳል። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ለሚያገኝ ሰው አንድ ወፍራም ልብስ ምንም አይፈይደውም፤ ወይ ይለብሰዋል ወይ ይሸከመዋል። የሚያዋጣው ተደራርቦ የሚለበስና አንድ በአንድ የሚወልቅ ነው፦ ገላ ላይ ላብ የሚያወጣ፣ ከላዩ ሙቀት የሚይዝ፣ ከሁሉም ውጭ ንፋስና ዝናብ የሚመልስ።

ከውጪው እንጀምር፤ ሰው የሚታለለውም እዚያ ላይ ነው።

ጃኬቱን ከፊት ለፊት አትዩት፤ ገልብጡት። እጅጌውን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ አውጡና ስፌቱን ተከተሉ። ውሃ የማያስገባ ጃኬት እያንዳንዱ ስፌት ላይ ከውስጥ የተለጠፈ ጠባብ ፕላስተር አለው፤ መርፌ የበሳውን ቀዳዳ ሁሉ የሚደፍነው እሱ ነው። አንዳንዱ ጃኬት ፕላስተር ያለው ትከሻው፣ አንገቱና ኮፍያው ላይ ብቻ ነው፤ ለጥቅምትና ለኅዳር ይበቃል፣ ለሐምሌ አይበቃም። ጎር-ቴክስ የሚል፣ የታወቀ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ስም፣ ተጽፎበት ስፌቱ ላይ ፕላስተር የሌለው ከሆነ ጽሑፉ የተሰፋው ሌላ ቦታ ነው። ገበር ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ስፌቱ ካልታየ፣ ከታች ጫፍ ወይም ኪስ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ ክፍተት አይጠፋም፤ ጣት ከትቶ መዳበስ ነው።

ቀጥሎ አውራ ጣታችሁን ውስጠኛው ገጽ ላይ ጫን አድርጋችሁ እሹት፣ በተለይ አንገትና ብብት አካባቢ። ጣት ላይ ነጭ ቅርፊት ከቀረ፣ ወይ ጨርቁ እንደ ማስቲሽ ካጣበቀ፣ ወይ የኮመጠጠ ሽታ ካለው፣ ውሃ የሚከለክለው ሽፋን አልቋል። ይህ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ነው፤ ታጥፎ እርጥበት ያለበት ቦታ ለዓመታት ሲቀመጥ ጨርሶ ባይለበስም ይፈራርሳል። ስለዚህ «አንድ ቀን እንኳን ያልተለበሰ ነው» የሚለው ቃል ዋስትና አይሆንም። የተላጠ ሽፋን የሚመልስ ልብስ ሰፊም ሳሙናም የለም። ፕላስተሩ ብቻ ጫፍ ጫፉ ላይ ተነስቶ ሽፋኑ ደህና ከሆነ ግን ስስ ጨርቅ ጣል አድርጎ በለዘብተኛ ካውያ መልሶ መለጠፍ ይቻላል፤ ያንን እንደ ጉድለት ቆጥራችሁ ዋጋ አስቀንሱበት።

ከዚያ ከያዛችሁት የውሃ ፕላስቲክ ጥቂት ጠብታ ትከሻው ላይ አፍስሱ። ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ጥሩ። ጨርቁ ጠጥቶት ከጠቆረ ወዲያው አትጣሉት፤ ያለቀው የውጭ ቅባቱ እንጂ የውስጥ ሽፋኑ ላይሆን ይችላል። በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በለዘብተኛ ካውያ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ቅባቱ ይነቃል። እስኪነቃ ድረስ ግን ጨርቁ በውሃ ስለሚሞላ ላብ አያስወጣም፤ ሰው ዝናብ ገባብኝ ብሎ የሚያማርረው አንዳንዴ የራሱን ላብ ነው።

መለያው ላይ ቁጥር ካለ አንብቡት። 10,000 ሚሊ ሜትር የሚለው ጨርቁ ሳያፈስ የሚችለውን የውሃ ዓምድ ቁመት ያሳያል። 5,000 ለካፊያ ነው፣ 10,000 ለስሜን ይበቃል፣ 20,000 ቀኑን ሙሉ ዝናብ ውስጥ ለሚውል ሰው ነው። ከጎኑ በግራም የተጻፈ ሁለተኛ ቁጥር በ24 ሰዓት የሚያስወጣው የላብ ተን ነው፤ ለሚራመድ ሰው ከመጀመሪያው ይልቅ ይሄኛው ይበልጥበታል፣ 10,000ና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ቁጥሩ የፋብሪካ፣ ጃኬቱ አዲስ ሳለ የተለካ መሆኑ አይዘንጋ። የአውራ ጣቱን ፍተሻ አይተካም።

የብብት ዚፕ ካለው ዋጋ ጨምሩለት። ክንድ ስር የሚከፈት አንድ ስንዝር ተኩል ዚፕ፣ ጃኬቱ ሳይወልቅ ሙቀት ያስተነፍሳል፤ ለዳገት ከዚህ የተሻለ ነገር አልተሠራም። ዋናውን ዚፕ ከታች እስከ ላይ ሦስት ጊዜ ሂዱበት። ዋይኬኬ (YKK) የሚል የዚፕ ፋብሪካ ስም የተቀረጸበት ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። ተንሸራታቹ ቢላላ የገበያው ዚፕ ጠጋኝ ይሠራዋል፤ ከታች የሚገባበት ሹል ጫፍ ከተሰበረ ግን ዚፑ በሙሉ ነው የሚቀየረው፣ ያውም መርፌው የተደፈነውን ስፌት መልሶ እየበሳው።

ወገቡ ውስጥ ያለው ባለ ላስቲክ ጨርቅ ሰው ሲወድቅ በረዶ ከታች እንዳይገባ የተሰፋ ነው። ብዙ ሰው «ምንድን ነው ይሄ ቀሚስ?» እያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ያስቆርጠዋል። አታስቆርጡ! እሜት ጎጎን ወይም የጨነቅን ገደል የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ንፋሱ የሚመጣው ከፊት ብቻ ሳይሆን ከእግር በታች፣ ከቆላው ሽቅብ ነው። የማትገባዋ የእጅጌ ኪስ ደግሞ የወንበሩ መግቢያ ካርድ የሚቀመጥባት ናት፤ ካርዱ ከኪስ ሳይወጣ በሩን እንዲከፍት። ስሜን ላይ የፓርኩ ደረሰኝ ይገባባታል።

ልክ ሲመርጡ ከስር ሹራብ ለብሶ መሞከር ነው። ሁለት እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ወገብ ከተገለጠ አጭር ነው፤ ክንድ ወደ ፊት ተዘርግቶ ጀርባ ላይ ከተወጠረ ጠባብ ነው። ከልክ በላይ ሰፊውም አይጠቅም፤ ሰውነት ማሞቅ የማይችለው ባዶ አየር ውስጡ ይመላለሳል። ኮፍያው የራስ ቁር እንዲያስገባ ተብሎ የተሰፋ ስለሚሆን ይሰፋል፤ ከኋላው የሚጠበቅ ገመድ ከሌለው ንፋስ ይገለብጠዋል።

ባለ ሙሌቱ ጃኬት ላይ ጨክነናል፤ እውነት ለመናገር ማታ ላይ ወርቅ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። የላባ ከሆነ በእጅ ጭምቅ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ በጥቂት ሰከንድ ተነፍቶ ከተመለሰ ላባው በሕይወት አለ። እንደ እንቁላል ተቋጥሮ ከቀረ፣ በሳሙና ታጥቦ ሳይደርቅ የታጠፈ ነው። ላባ ቀላልና ሞቃት ነው፣ ከረጠበ ግን ጠፍጥፎ ተኝቶ ምንም አያሞቅም። የፋብሪካ ክር ሙሌቱ ከበድ ይላል፣ ቢረጥብም ግን ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። በቅሎ ጭነቱን ለሚይዝለት ሰው የሁለተኛው ክብደት ዋጋ የለውም። ሁለቱንም በመንገድ ላይ በፌስታል ጠቅልሎ ማስጫንና ካምፕ ሲደርሱ ደረቅ ካናቴራ ከቀየሩ በኋላ መልበስ ነው።

አሁን ሱሪው፤ ተረስቶ ከክምሩ ስር የሚተኛው። እዚህ አካባቢ ለስሜን ጅንስ ለብሶ የሚወጣ አያሌ ነው፣ ከዚህ የከፋ ምርጫም የለም። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ጭን ላይ ይጣበቃል፣ ደመና ባለበት ቀን ሳይደርቅ ይመሻል። የስኪ ሱሪ ንፋስና ውሃ ይከለክላል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ከውስጥ ጫማውን የሚያቅፍ ባለ ላስቲክ ሁለተኛ ጨርቅ አለው፤ የጠዋት ጤዛ፣ ጭቃና ጠጠር አይገባም። የእግሩ ጫፍ ከውስጥ በኩል ያለው ጠንካራ መጣፊያ የስኪው ስለት እንዳይቀደው የተደረገ ሲሆን ለጓሳና ለድንጋይም ያገለግላል። የጎን ዚፑ ከጭን እስከ ጉልበት የሚከፈት ከሆነ ያዙት። ሙሌት የሌለውን ምረጡ፤ ከስሩ ጠባብ ሙቅ ሱሪ መልበስም ማውለቅም ስለሚቻል። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ጀርባ ያሞቃል፣ ግን ለሽንት መላውን ልብስ ማውለቅ ይጠይቃል፤ ለሴቶች በተለይ ወገቡ ላይ የሚያልቀው ይሻላል።

ሱሪው ሲረዝም ማሳጠር አደገኛ ነው፤ ልብስ ሰፊው ውስጠኛውን ጨርቅ አብሮ ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ውስጡን ጫማ ላይ አጥብቃችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ ቁመቱ እዚያው ይስተካከላል።

ገላ ላይ የሚለበሰው በጣም ቀላል ነው፣ ብዙዎች ቤታቸው አለ፤ የእግር ኳስ ማሊያ። ፖሊስተር ስለሆነ ላብ ገላ ላይ አይዝም፣ በቶሎ ይደርቃል። የጥጥ ካናቴራ ተቃራኒው ነው። ከማሊያም የሚበልጠው ስስ የሱፍ ካናቴራ ነው፤ ረጥቦም ያሞቃል፣ ለቀናት ቢለበስም ቶሎ አይሸትም። ሰልባጅ ውስጥ አልፎ አልፎ ይገኛል፣ መለያው ተቆርጦ። ለመለየት ከስፌቱ አንዲት ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሱ፦ ፀጉር ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲነካ ዱቄት ከሆነ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ፖሊስተር ነው፤ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ሱፍ ከሆነ ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ ብል የበላውን ቀዳዳ ፈልጉ።

መሀሉ ላይ ለስላሳው ፍሊስ ሹራብ ይበቃል። የሳሳውንና ፀጉሩ እንደ ፍርፋሪ የጠጠረውን አትግዙ፤ ሙቀት የሚይዘው በፀጉሩ መሀል ያለው አየር ነው። ጋቢስ? ጋቢ የት እንደሚሄድ ስሜን ያሉት እረኞች ያሳያሉ፤ ደረቅ ብርድና ተቀምጦ መዋል ላይ አቻ የለውም። ግን ጥጥ ነው። ዳገት ላይ በላብ፣ ከሰዓት በኋላ በካፊያ ከራሰ ድንጋይ ተሸከሙ ማለት ነው። ቦታው ማታ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ከላባው ጃኬት በላይ ነው።

ካልሲው ላይ አጭር ምክር፦ አንድ ብቻ። የስኪ ካልሲ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ቅልጥም ላይ ወፈር ያለ ነው፤ ላስቲኩ ካልሞተ ጥሩ ግዢ ነው። ሁለት ሦስት ደርቦ ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ ደም ያግዳል፣ እግር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ጓንት ላይ መዳፉ ቆዳ የሆነውን መርጣችሁ እጃችሁን ከትታችሁ አውጡ፤ ገበሩ አብሮ ተገልብጦ ከወጣ ብርድ ላይ መልሶ ማስገባት አይቻልም። ጣቶቹ ሁሉ አንድ ላይ የሚገቡበት ዓይነት ከባለ ጣቱ ይሞቃል። የስኪ መነጽር ለስሜን አያስፈልግም፤ በእርጅና ስፖንጁ ይፈረፈራል፣ ላብም ያደበዝዘዋል። ተራ የፀሐይ መነጽር ግን የግድ ነው፣ ጎጂው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከአስር በመቶ በላይ ይጨምራልና።

ቤት ሲገባ ደግሞ በረኪናና ማለስለሻ አይነካው። ለብ ባለ ውሃ በጥቂት ሳሙና ይታጠብ፣ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፤ የሳሙና ቅሪት ውሃ ይስባል። አይጠመዘዝም፤ ጥላ ላይ ተሰቅሎ ይንጠፍጠፍ። ላባው ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ በየሰዓቱ እብጠቱን በጣት እያፍረከረኩ። የከሰል ካውያ አይሞከርም፣ አንድ ፍንጣሪ ናይለኑን ይበሳል። የካምፕ እሳትም እንዲሁ። የተበሳውን በመርፌ መጣፍ ቀዳዳ መጨመር ነው፤ ከውስጥ በኩል ክብ አድርጎ የተቆረጠ ናይለን በማስቲሽ ለጥፎ አንድ ሌሊት ክብደት ጭኖበት ማሳደር ይሻላል።

ፒያሳ ያሉትን አዳዲስ «ውሃ የማያስገባ» ጃኬቶች በተመለከተ፦ ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ። ፕላስተር ከሌለ ንፋስ መከላከያ ነው፣ ጥሩ ንፋስ መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ በዝናብ ጃኬት ዋጋ ግን አይገዛም።

ለትምህርት ወይ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድና እዚያ በእርግጥ ስኪ የሚሞክር ሰው ይህን ሁሉ ገልብጦ ያንብበው። እሱ በወንበሩ ነው የሚወጣው፤ ወፍራሙ ጃኬት ለእሱ ነው፣ ሰፊው ኮፍያም። ጀማሪ በረዶ ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ተቀምጦ መዋሉ አይቀርም፣ ስለዚህ መቀመጫው ላይ ስፌቱ ፕላስተር ያለው ሱሪ ይያዝ።